ላፕቶፑ ፎርማት ይደረግ ከመባሉ በፊት

ሀዋሳ ውስጥ ለታመመ ላፕቶፕ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው። ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ዋይፋይ አልይዝ አለ? እሱም ፎርማት።

ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የጥገና ልጆች ማማቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፍባቸዋል። የእያንዳንዱን ማሽን ጉዳይ ቁጭ ብሎ ለመመርመር ጊዜ ከየት ያምጡ? ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ፈጣን ነው። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ ክርክር የለውም። ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ጉዱ የሚመጣው ችግሩ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ እንደገና ፎርማት።

እኔ በዚህ የማልስማማው ሥራዬ ስለሆነ ነው። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ጥረዛ ሁሉም አለ። እንጀራዬ ግን የሚወጣው ከጆሮዬ ነው። የማስተርስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ገበሬውን፣ ነጋዴዋን፣ ነርሷን በስልክ ቀድተው ያመጡልኛል። እኔ ድምፁን ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ አማርኛውንም ሲዳምኛውንም። የአንድ ሰዓት ቅጂ አራት አምስት ሰዓት ይበላል። ከጀርባ ባጃጅ እያለፈ የተቀዳ ከሆነማ አይወራ።

ግንቦት ሲገባ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። ዲፌንስ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ፣ ደርሷላ። ልክ በዚያ ሰሞን ነው ላፕቶፔ ዲዳ የሆነው።

ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በሶኬት ብቻ ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ አፕዴት ሲጭን መብራት ሄደ። መብራቱ ተመልሶ ስከፍተው ሰዓቱ አጠገብ ያለችው የድምፅ ማጉያ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተቀምጣለች። ጠቋሚውን ሳስጠጋው ምንም የድምፅ መውጫ አልተገጠመም ይላል። ድምፅ ማውጫውማ እዚያው አፌ ስር ተቀምጧል። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲውል፣ ምንም ሳልከፍት፣ ሜሞሪው (ራሙ) ከ90 ፐርሰንት በላይ ይያዛል። ይሄኛው ግን አዲስ አልነበረም። ከዚያ በፊትም ከሰዓት በኋላ ላይ ማሽኑ እንደ ኤሊ ይሆን ነበር።

ቅጂውን ሊወስድ የመጣው ተማሪ አጠገቤ ቆሟል።

"እትዬ፣ ፎርማት ይደረግ። ጓደኛዬ አሁኑኑ መጥቶ ይጨርስልሻል።"

"አንተ ልጅ፣ ያንተው ቃለ መጠይቅ እኮ እዚሁ ላይ ነው ያለው።"

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የተበላሸው ዕቃው ነው ወይስ ፕሮግራሙ የሚል ነው። ይህን ለመለየት ብዙ ብር አያስፈልግም። በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድሴት ፈልጉ። የዩኤስቢ ሄድሴት የራሱ የድምፅ ቺፕ ስላለው የላፕቶፑን አይጠቀምም። ስትሰኩት ድምፅ ከሰጠ የዊንዶውስ የድምፅ ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከላፕቶፑ ቺፕ ወይም ዊንዶውስ ቺፑን ከሚያናግርበት ፕሮግራም፣ ከድራይቨሩ ነው። እሱም ዝም ካለ ግን ነገሩ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ሰርቪሶች የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ ዊንዶውስ ኦዲዮ እና ዊንዶውስ ኦዲዮ ኤንድፖይንት ቢልደር የሚባሉት ሁለቱ እየሠሩ መሆናቸውን እዩ። ሁለተኛው ካልተነሳ የመጀመሪያው አይነሳም።

በክቡ ቀዳዳ የሚሰካው ተራ ኢርፎን ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ድምፁን የሚያገኘው ከዚያው ከላፕቶፑ ቺፕ ነውና ምንም አይነግራችሁም።

ጎረቤቴ ያለው ፎቶ ቤት የዩኤስቢ ሄድሴት አዋሰኝ። ሰካሁት። የነርሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጁ ፈገግ አለ። "በቃ ተስተካከለ!" አለኝ። አልተስተካከለም። ግን ቺፑ ወይም ድራይቨሩ ላይ ደርሰናል።

ከሁለቱ አንዱን ለመለየት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ፣ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱትና ሳትጭኑት ሞክሩት የሚለውን ምረጡ። ዲስካችሁን አይነካም። እዚያ ውስጥ ድምፅ ከሰማችሁ ቺፑም ድምፅ ማውጫውም ደህና ናቸው። ኡቡንቱ የያዘ ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ሁሌም አለ፤ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ድምፁ ወጣ። ጥፋተኛው ድራይቨሩ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ መሄጃው ዲቫይስ ማናጀር ነው። የዊንዶውስን ምልክት በቀኝ ስትጫኑ ዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ ውስጥ ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ የሚለውን ክፈቱ። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለበት ሁለቴ ተጫኑት። አንድ ኮድ ይነግራችኋል፤ ኮዱን አትለፉት። 22 ከሆነ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም አጥፍቶታል፤ ማብራት ብቻ ነው። 28 ከሆነ ድራይቨር የለውም። 10 ከሆነ ድራይቨሩ አለ፣ መሣሪያው ግን መነሳት አቅቶታል። የእኔ 10 ነበር። መብራት እኩል ላይ ያቋረጠው ጭነት እንዲህ ቢያደርግ አይገርምም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ነን። ድራይቨር የሚፈለገው በላፕቶፑ ስም ብቻ አይደለም። አንድ ስም ያለው ላፕቶፕ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የተለያየ ቺፕ ሊይዝ ይችላል። እዚያው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ከሚለው ገጽ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። ረጅም ዝባዝንኬ ጽሑፍ ይወጣል። ከውስጡ ቪ ኢ ኤን ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን አራት ፊደልና ቁጥር እዩ። 10ኢሲ ከሆነ ቺፑ ሪልቴክ ነው። 14ኤፍ1 ከሆነ ኮኔክሳንት። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ፕሮጀክተር የሚሄደው ድምፅ ነው እንጂ የላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ አይደለም። (ኢንቴል ይህን ቁጥር የወሰደው በ1978 እ.ኤ.አ. ካወጣው 8086 ከሚባለው ፕሮሰሰሩ ነው። እንዲህ ያለ ኩራት ደስ ይለኛል።)

ስለ ፕሮጀክተር ካነሳሁ አይቀር፣ ከዲፌንስ መልስ ድምፄ ጠፋ እያላችሁ የምትመጡ ልጆች፣ መጀመሪያ የድምፅ ምልክቷን ተጭናችሁ ድምፁ ወደየት እየሄደ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ አሁንም ለኤችዲኤምአዩ ነው የሚያወራው። ለዚህ ብር አላስከፍልም፣ ግን ወረፋ ትይዛላችሁ።

ወደ ድራይቨሩ። መጀመሪያ የሞከርኩት ሮል ባክ ድራይቨር የሚለውን ነበር። አፕዴቱ ካመጣው ወደ ቀድሞው ይመልሳል። የእኔ ደብዝዞ አይጫንም፤ የቀድሞው አልተቀመጠም ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው መንገድ ከአምራቹ ድረ ገጽ በላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር ገብቶ ትክክለኛውን ማውረድ ነው። ንጹሑ መንገድ ይሄ ነው። አዳዲስ ኢንቴል ላፕቶፕ ያላችሁ ቅደም ተከተሉን አትርሱ፤ መጀመሪያ የቺፕሴቱ (የዋናው ቦርድ) ድራይቨር፣ ከዚያ ኢንቴል ስማርት ሳውንድ የሚባለው፣ መጨረሻ ላይ የድምፁ። መካከለኛውን ከዘለላችሁት ድምፁ መጥቶም ማይክሮፎኑ ሊቀር ይችላል።

የድምፁ ጥቅል ግን ብዙ መቶ ሜጋ ባይት ነው፤ የሌሊት ፓኬጅ የሚፈልግ ነገር ነው። ልጁ ደግሞ ዛሬ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይነካውን ሦስተኛውን መንገድ ያዝኩ።

ዊንዶውስ ራሱ ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ የሚባል አጠቃላይ ድራይቨር ይዞ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት አይፈልግም። አፕዴት ድራይቨር በሉ፣ ከኮምፒውተሬ ላይ ልፈልግ የሚለውን ምረጡ፣ ቀጥሎ ከዝርዝር ልምረጥ የሚለውን። እዚያ ታገኙታላችሁ። ሊሠራ ላይችል ይችላል ብሎ ያስፈራራችኋል፤ እሺ በሉት። መረጥኩት። ሪስታርት አደረግኩ። ቀይዋ ኤክስ ጠፋች፤ የዊንዶውስ መነሻ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

አጠቃላዩ ድራይቨር እንከን የለውም አልልም። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ኢርፎን ስትሰኩ ድምፁ በራሱ ወደ ኢርፎኑ አይሻገርም። ማይክ ያለው ኢርፎን ከሆነ ማይኩን ላያውቀው ይችላል። ባስና ዙሪያ ድምፅ ነገር የለመደ ሰው ቀጠነብኝ ይላል። ለእኔ ሥራ ግን ይሻላል። ድምፅን የሚያሳምር ፕሮግራም ለሙዚቃ የተሠራ ነው፤ የገበሬውን ንግግር የሚሸራርፍበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ በአጠቃላዩ ድራይቨር የድምፅ ማውጫውን ፕሮፐርቲስ ስትከፍቱ ኢንሃንስመንትስ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ውስጥ ላውድነስ ኢኳላይዜሽን የሚባል ነገር ታገኛላችሁ። ጮክ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል። ጠያቂው ስልኩ አፍ ላይ፣ መላሿ እናት ደግሞ ከጓዳ የምታወራበት ቅጂ ላይ ይቺ ምልክት ነፍሴን ነው የምታድነው።

እና ሜሞሪው?

ስለ ሜሞሪ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚከሰው ክሮምን ነው። ክሮም ንጹሕ ነው አልልም፤ በእያንዳንዱ ትር የሚያስከፍል ነው። ግን ክሮም ተዘግቶም 90 ፐርሰንት ከሆነ ሌላ ሌባ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሜሞሪ የሚለውን አናት ተጫኑት፤ ብዙ የያዘው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ያህል ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያደርገው ግን በሁለት የተለያየ ሰዓት ማየት ነው። ብዙ መያዝ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ምንም ሳትነኩት እያደገ የሚሄድ ነው ጥፋተኛው።

የእኔ ጥፋተኛ ከላፕቶፑ ድራይቨር ጋር አብሮ የመጣው የድምፅ ማሳመሪያ ሰርቪስ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ዝርዝሩ ውስጥ የትም አይታይም ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ከክሮም በታች ተቀምጧል። ማታ ላይ አንደኛ። ከሁለት ጊጋ ባይት በላይ ይዟል፤ ጠቅላላ ሜሞሪው 8 ጊጋ ባይት በሆነ ማሽን ላይ። ፕሮግራም ሜሞሪ ተበድሮ መመለስ ሲረሳ ሊክ ይባላል። ይሄ ዓይነተኛው ሊክ ነው። ሰርቪሱን ሳቆመው ሜሞሪው ወዲያው ወረደ። ድምፁ ምንም አልሆነም። አጠቃላዩ ድራይቨር እየሠራ ስለሆነ ማሳመሪያው የሚያሳምረው ነገር እንኳ አልነበረውም። ከፕሮግራሞች ዝርዝር ገብቼ አጠፋሁት።

ሁለቱ ችግሮች አንድ ምንጭ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ድምፁን የገደለው የተቋረጠው ጭነት ነው። ሜሞሪውን የበላው ያው ጥቅል ውስጥ ያለው ሌላው ቁራጭ ነው፤ እሱ ከመብራቱ በፊትም ይበላ ነበር። ፎርማት ብናደርገው ኖሮ አፕዴቱ ያንኑ ጥቅል መልሶ ይጭነው ነበር። ድምፁ ይመጣል፣ ሜሞሪውም እንደ ድሮው ይበላል።

አንድ ስም ደግሞ በከንቱ ሲታማ እሰማለሁ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዊንዶውስ ኦዲዮ ዲቫይስ ግራፍ አይሶሌሽን የሚባል ነገር ታያላችሁ። ቫይረስ ነው ብለው የሚያጠፉት አሉ። ቫይረስ አይደለም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ የዊንዶውስ አካል ነው። የድምፅ ማሳመሪያዎች የሚሠሩት በእሱ ውስጥ ነው። ሆን ተብሎ ከዋናው የድምፅ ሰርቪስ ተለይቶ የተቀመጠውም አንዱ ማሳመሪያ ቢወድቅ ዋናውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። እሱ ብዙ ሲበላ ካያችሁ ማሳመሪያዎቹን አጥፉ እንጂ እሱን አትግደሉት። ብትገድሉትም ድምፅ ሲከፈት ተመልሶ ይነሳል።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለኔ ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው። እኔ ማታ ማታ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ሻት ዳውን። ታዲያ ሰርቪሱ በየጠዋቱ ከባዶ መጀመር አልነበረበትም? አንዳንድ ጠዋት ከባዶ ይጀምራል፣ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ትናንት ካቆመበት። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ገብታችሁ ሲፒዩ የሚለውን ተጫኑ። ከታች አፕ ታይም የሚል ቁጥር አለ፤ ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። የእኔ ቀናት ቆጥሯል። ማታ ዘግቼው አድሬ!

ነገሩ ፋስት ስታርትአፕ ይባላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ ነው። ሻት ዳውን ስትሉት የእናንተን ፕሮግራሞች ይዘጋል። የራሱን ውስጠኛ ክፍል ግን፣ ድራይቨሮቹንና ሰርቪሶቹን ጭምር፣ እንዳለ ዲስክ ላይ ገልብጦ ያስቀምጣል። ሲከፈት ያንኑ መልሶ ያነሳል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚከፈተው። ለዚህም ነው የተበላሸ ድራይቨርና የሚያፈስ ሰርቪስ አድሮ የሚመጣው። ሪስታርት ግን እውነተኛ ነው፤ ሁሉንም ከሥሩ ያስነሳል። ባለሙያ በስልክ "እስቲ ሪስታርት አድርጊው" ሲላችሁ "ኧረ አሁን ነው ዘግቼ የከፈትኩት" አትበሉ፤ አንድ አይደሉም። ፋስት ስታርትአፕን ከነአካቴው ማጥፋት የምትፈልጉ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ፣ የማብሪያ ቁልፉ ምን ያድርግ የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውንን ተጫኑ። እኔ አጥፍቼዋለሁ። ጠዋት ትንሽ ይዘገያል፤ እስኪነሳ ደጅ እጠርጋለሁ።

የፕሮግራሞቹን ድምር ብትደምሩትም ጠቅላላው ላይ አልደርስ ያላችሁ ደግሞ ሌባው ሰርቪስም ፕሮግራምም ላይሆን ይችላል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ስር ኖን ፔጅድ ፑል የሚል ቁጥር አለ። ድራይቨሮች የሚይዙት፣ ወደ ዲስክ ሊገፋ የማይችል ሜሞሪ ነው። ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ቢሆን ደህና ነው። ጊጋ ባይቶች ከያዘ አንድ ድራይቨር እያፈሰሰ ነው። የዋይፋዩን ወይም የኔትወርኩን ድራይቨር በማደስ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወገን ነው።

ድምፅ እያለ የሚንጣጣ፣ እንደተቃጠለ ካሴት የሚቆራረጥ ከሆነም ዋይፋዩን ለአፍታ አጥፍታችሁ አዳምጡ። ከቆመ ጥፋቱ የድምፁ ድራይቨር ሳይሆን የዋይፋዩ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ረጅም ጊዜ ይዞ ድምፁን ያስጠብቀዋል። ሌተንሲ ሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል።

ራም ክሊነር ነን የሚሉትን ፕሮግራሞች ተዉአቸው። ዊንዶውስ ሥራ ፈት ሜሞሪ ላይ በቅርብ የከፈታችሁትን ፋይል ያስቀምጥበታል። ሌላ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቃል። ክሊነሩ ያንን ይጠርገዋል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ማሽኑ ግን እንደገና ከዲስክ ማንበብ ስላለበት ይዘገያል። ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እጭናለሁ የሚለውም ፕሮግራም ከዚያ አይሻልም። እሱ የጫነበት ላፕቶፕ ሱቄ ሲመጣ ባለቤቱ የማያውቀው ብሮውዘርና የማያውቀው አንቲቫይረስ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

እውነት ሜሞሪ አንሷችሁ ራም የምትገዙ ካላችሁ፣ የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር3ኤል የላፕቶፕ ራም 204 እግር አለው፣ ዲዲአር4 ደግሞ 260። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅም ቦታው ይለያል። በግድ ካልገባ ብሎ የሚገፋ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። ታስክ ማናጀር ስንት ቀዳዳ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ቀዳዳ የሌለው፣ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፕም አለ። ይህን ራሙን ከመግዛታችሁ በፊት ነው ማወቅ ያለባችሁ።

የእኔ ታሪክ እዚያ አላበቃም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ ጥቅል፣ ከነማሳመሪያው፣ እንዳዘነልኝ ሰው መልሶ አመጣልኝ። መልሼ አወጣሁት። ከዚያ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሃርድዌር የሚለው ገጽ ላይ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ከፍቼ ኖ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ፎርማት ጨርሶ አይደረግ አላልኩም። ቫይረስ ፋይሎቹን የቆለፈበት፣ ወይም ዲስኩ ተቀይሮ ከአዲስ የሚጀመር ከሆነ ምን ምርጫ አለ። ግን ከፎርማቱ በፊት ድራይቨሮቹን ገልብጡ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፒኤንፒ ዩቲል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የተጫኑትን የአምራች ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፍላሽ ያወጣል። ዋይፋይ የሌለው አዲስ ዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ የዋይፋይ ድራይቨር ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚሞክር ሰው በየሳምንቱ አያለሁ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ የለውም። ስለዚህ ይቺን ማሽን ለመገልበጥ ብቻ አድርጌ ከኢንተርኔት አወጣኋት፤ ቅጂው በፍላሽ ይመጣል፣ ጽሑፉ በፍላሽ ይወጣል። ኢሜይሉና ቴሌግራሙ ሌላኛው ላይ ነው።

በቴሌግራም "እትዬ ድራይቨር ላኪልን" የምትሉኝ፣ ድምፅ የለውም ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የላፕቶፑን ሞዴል፣ ኮዱንና ከቪ ኢ ኤን ቀጥሎ ያለውን ላኩልኝ። ፎቶ ካነሳችሁ ሲሪያል ቁጥሩን ሸፍኑት። እስከ ሰኔ መጨረሻ ግን ከቅዳሜ ከሰዓት በቀር አልመልስም፤ ያልተገለበጠ ቃለ መጠይቅ ተቆልሎብኛል።